የሕንጻ ንድፍ የሚያስተላልፉ የኤአይ ወኪሎች፡ የመሣሪያዎቻቸው መግለጫ ለምን ወሳኝ ሆነ?

በምዕራብ ለንደን፣ ሰሜን ኬንሲንግተን፣ ባለ 24 ፎቁ ግሬንፌል ታወር ሰኔ 7/2009 ዓ.ም. (እአአ 2017) ሌሊት በእሳት ሲያያዝ ነዋሪዎቹን ለመታደግ የደረሱት የእሳት አደጋ ሠራተኞች የሕንጻው የውስጥ ፕላን አልነበራቸውም። በአደጋው 72 ሰዎች ሞተዋል። ከሕንጻው ነዋሪዎች መካከል ትውልደ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ይገኙበት ነበር።

አደጋውን የመረመረው ኮሚሽን እአአ በ2019 ባወጣው የመጀመሪያ ሪፖርት፣ የለንደን እሳት አደጋ መከላከያ ስለ ሕንጻው መዝግቦ የያዘው መረጃ ለአዛዦች እምብዛም የማይጠቅም፣ ከፊሉም ዓመታት ያለፉበት እንደነበር ገልጿል። ሕንጻው እአአ በ2016 ከተጠናቀቀው እድሳት በኋላ የወለሎቹ ቁጥር ተቀይሯል። በደረጃው ላይ የነበሩት ምልክቶች ግን አብረው አልተቀየሩም። በጭስ መካከል ይወጡ የነበሩ ሠራተኞች የትኛው ወለል ላይ እንደደረሱ ለመለየት ተቸግረው ነበር።

አሁን የግንባታ ሶፍትዌር ኩባንያዎች እንዲህ ያሉ ንድፎችን ፈልገው፣ ለይተውና ወደ መዝገብ አፕሎድ አድርገው ሥራውን የሚጨርሱ የሰው ሠራሽ አስተውሎት (ኤአይ) ወኪሎችን እያቀረቡ ነው። ወኪሉ ትክክለኛውን ንድፍ መላኩ የሚወሰነው ግን ጥቂት ሰዎች ብቻ በሚያስታውሱት ጽሑፍ ነው፤ ይኸውም ስለሚጠቀምበት መሣሪያ በተጻፈለት መግለጫ።

ሕጉ ምን ያዛል?

ከእሳቱ በኋላ የግንባታ ደንቦችን የገመገሙት ዴም ጁዲት ሃኪት እአአ በ2018 ባቀረቡት ሪፖርት፣ የአንድ ሕንጻ መረጃ ከንድፍ እስከ አገልግሎት ዘመኑ ሳይቋረጥ እንዲያዝ ጠይቀዋል። “ወርቃማው ክር” የሚል ስም የተሰጠው ይህ ሐሳብ እአአ በ2022 በጸደቀው የሕንጻ ደኅንነት አዋጅ በኩል ወደ ሕግ ገብቷል።

ለዚህ ጽሑፍ ይበልጥ ቅርብ የሆነው ግን በእንግሊዝ እአአ ከጥር 2023 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የእሳት ደኅንነት ደንብ ነው። ደንቡ ቢያንስ 18 ሜትር ከፍታ ወይም ሰባት ወለል ያላቸውን የመኖሪያ ሕንጻዎች ይመለከታል። ኃላፊዎቻቸው ወቅታዊ የወለል ፕላን በኤሌክትሮኒክ መንገድ ለአካባቢው የእሳት አደጋ መከላከያ እንዲልኩ፣ የወረቀት ቅጂውንም በሕንጻው ውስጥ በተቆለፈ ሳጥን እንዲያኖሩ ይገደዳሉ።

ወኪሉ የሚያየው ምንድን ነው?

ሰው ፋይል ሲጭን ገጹን ያያል፣ ማስጠንቀቂያውን ያነባል፣ ሲጠራጠር የሥራ ባልደረባውን ይጠይቃል። ወኪሉ በአብዛኛው የሚያየው ሦስት ነገር ነው፦ የመሣሪያውን ስም፣ መሣሪያው ምን እንደሚሠራ የሚገልጽ ጥቂት መስመር ጽሑፍ፣ እንዲሁም መሞላት ያለባቸውን መረጃዎች ዝርዝር። አንትሮፒክ የተባለው ኩባንያ እአአ በኅዳር 2024 ይፋ ያደረገውና ሌሎችም የተቀበሉት “ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮል” የተሰኘው ስምምነት መሣሪያዎች ለወኪሎች የሚቀርቡበትን መንገድ የደነገገው በዚሁ ቅርጽ ነው።

ስለዚህ መግለጫው ለፕሮግራም አዘጋጆች ብቻ የሚቀመጥ ማብራሪያ መሆኑ ቀርቷል። ወኪሉ ከመሣሪያዎቹ መካከል የሚመርጠው እርሱን አንብቦ ነው።

በቢሮው የሚታወቀው፣ በጽሑፍ ያልሰፈረው

በለንደን የግንባታ ቢሮዎች ሰነድ የሚቆጣጠሩ ባለሙያዎች ማንም የማይነግራቸውን ብዙ ነገር ያውቃሉ። ብሪታንያ በምትከተለው አይኤስኦ 19650 በተባለው መስፈርት መሠረት፣ “ፒ01” የሚል የክለሳ ምልክት ያለው ንድፍ ገና በዝግጅት ላይ ያለ ሲሆን “ሲ01” ያለው ደግሞ የውል ሰነድ ነው። “ፒ07” ከ“ሲ01” በቁጥር ቢበልጥም ቁጥሩ የበለጠ የጸደቀ አያደርገውም። መግለጫው “ፋይል ይጭናል” ብቻ ካለ፣ “የአራተኛውን ወለል ፕላን ላክ” የተባለ ወኪል በቀን የቅርብ የሆነውን ፋይል መርጦ ያልጸደቀ ንድፍ ሊልክ ይችላል።

“አራተኛ ወለል” የሚለው ራሱ አሻሚ ነው። በአዲስ አበባ “ጂ+4” ሲባል ምድር ቤቱ እንደማይቆጠር ሁሉ፣ በለንደንም ምድር ቤቱ “00” ተብሎ ቆጠራው ከበላዩ ይጀምራል። በአሜሪካ ግን ብዙውን ጊዜ ምድር ቤቱ ራሱ አንደኛ ወለል ነው። የግሬንፌልን ታሪክ ለሚያውቅ ይህ የቃላት ክርክር ብቻ አይሆንም።

ጥሩ መግለጫ የሚከተለውን ሊመስል ይችላል፦ “ይህ መሣሪያ ቀድሞ በተመዘገበ ንድፍ ላይ አዲስ ክለሳ ይጨምራል። አዲስ ንድፍ ለመመዝገብ አያገለግልም። ለግንባታ ከጸደቀ ንድፍ በቀር አይቀበልም። የወለል ቁጥሩ ከንድፉ የርእስ ሰንጠረዥ ይወሰዳል፤ ከፋይሉ ስም ጋር ካልተስማማ ሥራውን አቁመህ ተጠቃሚውን ጠይቅ።” ከአራቱ መመሪያዎች ሦስቱ ወኪሉ ማድረግ የሌለበትን ወይም መቆም ያለበትን ቦታ የሚናገሩ ናቸው። በተግባር ብዙ ጊዜ የሚጎድሉትም እነዚህ ናቸው።

“ተጭኗል” ማለት መቼ ነው?

ሌላው ወጥመድ ሥራው የሚጠናቀቅበት ነጥብ ነው። በግንባታው ዘርፍ በስፋት የሚሠራበት አውቶዴስክ ለፕሮግራም አዘጋጆች በሚሰጠው መመሪያ፣ ፋይል መጫን የአንድ ጊዜ ትእዛዝ አይደለም። በመጀመሪያ ማስቀመጫ ቦታ ይጠየቃል፣ ፋይሉ ይላካል፣ መላኩ መጠናቀቁ ይነገራል፣ በመጨረሻ ፋይሉ እንደ አዲስ ሰነድ ወይም እንደ ነባር ሰነድ ቀጣይ ቅጂ ይመዘገባል። ይህ የመጨረሻ እርምጃ ከተዘለለ ፋይሉ በማከማቻው ውስጥ ቢኖርም አቃፊውን የሚከፍት ሰው የሚያገኘው የቀድሞውን ንድፍ ነው። መግለጫው የሥራውን ፍጻሜ ካላመለከተ፣ ወኪሉ ፋይሉ በተላከበት ቅጽበት “ጨርሻለሁ” ሊል ይችላል።

ኢንተርኔት ሲቋረጥም እንዲሁ ነው። ወኪሉ በድጋሚ ይሞክራል፤ መሣሪያው ይህን የማይከላከል ከሆነ ያው ፕላን ሁለት ጊዜ ይመዘገባል። እአአ ከ2025 ጀምሮ ከላይ የተጠቀሰው ስምምነት መሣሪያዎች ትእዛዝ ቢደገምባቸው ችግር ይኖረው እንደሆነ በምልክት እንዲያሳውቁ ፈቅዷል። ይሁንና ምልክቶቹ ጥቆማ ብቻ እንደሆኑና ከማይታመን ምንጭ ሲመጡ ውሳኔ ሊመሠረትባቸው እንደማይገባ ስምምነቱ ራሱ ይናገራል።

ስሕተት ቢፈጠር የእንግሊዙ ደንብ ግዴታውን የጣለው በሕንጻው ኃላፊ ላይ ነው። ንድፉን የላከው ወኪል መሆኑ ይህን አይለውጥም።

የወረቀት ቅጂ የሚቀመጥበት ሳጥን ደግሞ የትኛውም ወኪል የማይደርስበት ነው። አዲስ ፕላን በተጫነ ቁጥር አሮጌውን ወረቀት የሚያወጣና አዲሱን የሚያስገባ ሰው ያስፈልጋል፤ ወኪሉም ይህን ለሰው እንዲያስታውስ መሣሪያው መግለጫ ውስጥ መጻፍ ይኖርበታል።