በረኛና ጸሐፊ፤ ስለ ኮምፒዩተር የመግቢያ መዝገብ ታሪክ

በሃያ ሁለት ማዞሪያ አካባቢ ካሉት ፎቆች ወደ ብዙዎቹ የሚገባውን ሰው ከበሩ ላይ አንድ ደብተር ይጠብቀዋል። ዘበኛው የባለጉዳዩን ስምና የገባበትን ሰዓት ይጽፋል፤ በአንዳንዱ ቤት ሠራተኛውም ሲገባና ሲወጣ ይመዘገባል። ደብተሩ ሲሞላ ዘበኛው አሮጌውን በመሳቢያ አስቀምጦ አዲስ ይጀምራል። በዚህ ጽሑፍ ለመመርመር የፈለግነው ይህ ሥራ ወደ ኮምፒዩተር ሲዛወር ምን እንደ ደረሰበት ነው።

በአገራችን ቤተ መንግሥት ማስገባትና መጻፍ የሁለት ሰዎች ሥራ ነበር። ማን ይግባ፥ ማን ይቆይ የሚለው የአጋፋሪው ሲሆን የንጉሡን ቃል መጻፍ የጸሐፌ ትእዛዙ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን በሾሙ ጊዜ ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ የጽሕፈት ሚኒስትር ሆኑ፤ አጋፋሪነት ግን ሌላ ሹመት ነው። በኮምፒዩተር ዘንድ እነዚህ ሁለቱ ብዙ ጊዜ በአንድ ሰው እጅ ይገኛሉ።

እ.ኤ.አ. በ1961 ፈርናንዶ ኮርባቶ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በመሩት ሥራ አንድ ማሽን ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ እንዲገለገልበት ሲደረግ፥ የእያንዳንዱን ጽሑፍ ለመጠበቅ የይለፍ ቃል ተሰጠ። በ1962 አላን ሸር የተባለ ተማሪ የይለፍ ቃላቱን ዝርዝር ከማሽኑ አሳትሞ ወሰደ፤ ምክንያቱም የተፈቀደለት የማሽን ሰዓት ስላነሰው ነው። (ተማሪ የሆነ አንባቢ ይፈርድበታል ብለን አናምንም።) በር ብቻውን እንደማይበቃም እየታወቀ ሄደ። የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር በ1983 ባወጣው፥ በብርቱካናማ ሽፋኑ በሚታወቀው መጽሐፍ፥ ሲ2 ለተባለው ደረጃ ማን እንደ ገባና ምን እንዳደረገ በመዝገብ እንዲያዝ ተደነገገ።

ነገር ግን መዝገብ ይሞላል። ሲሞላም በአሮጌው ላይ መጻፍ፥ አሮጌውን ወደ ሌላ ስፍራ ማሳለፍ፥ ወይም ሥራን ጨርሶ ማቆም ነው። በ1993 የተጀመረው የዊንዶውስ ኤንቲ ወገን ሦስተኛውን ምርጫ ለሚፈልግ ሰው አዘጋጅቶለታል፤ የጥበቃው መዝገብ ሞልቶ መጻፍ ሲያቅተው ማሽኑ ይቆማል፥ እንደገና ሲነሣም ከአስተዳዳሪው በቀር ማንንም አያስገባም። ያልተጻፈ ሰው አይግባ ማለቱ ነው። አስተዳዳሪው መዝገቡን ወደ ሌላ ስፍራ ገልብጦ፥ ከዚያ አጽድቶ፥ ደንቡን ወደ ቀድሞው መልሶ ማሽኑን ማስነሣት ይገባዋል። በአሁኖቹ ዊንዶውሶች የጥበቃውን መዝገብ ያጸዳው ሰው ስም በአዲሱ መዝገብ በ1102 ቁጥር ይጻፋል፤ የጸዳው ግን አይመለስም። በአገራችንም የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አገልግሎት ሰጪዎች የትራፊክ ዳታን ለአንድ ዓመት እንዲያቆዩ ያዝዛል።

በዕረፍት ወራት በሠራንበት፥ ስሙን በማንጠቅሰው አንድ የሃያ ሁለት ቢሮ ማሽኑ አንድ ጧት ሠራተኛውን ሁሉ ከለከለ። ባለሙያው በችኮላ፥ ሳይገለብጥ፥ መዝገቡን አጸዳው፤ በሩም ተከፈተ፥ ሁላችንም ተደሰትን። ከሦስት ሳምንት በኋላ አንድ ደብዳቤ በአንዲት ጸሐፊ ስም ተለውጦ ተገኘ፤ የተለወጠው መዝገቡ ከመጽዳቱ በፊት በነበረ አንድ ቀን፥ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ነው። እርሷ «በዚያ ሰዓት ቤቴ ነበርሁ» አለች። በዚያ ምሽት በስሟ የገባው ከየትኛው ማሽን እንደ ሆነ የሚናገረው መስመር ግን ከተጸዳው ጋር ሄዷል። ቃሏን የሚቀበል ጠፍቶ የስንብት ደብዳቤ ሊጻፍ ሲል፥ አንድ ሰው ወደ በሩ ተላከ። ዘበኛው ከመሳቢያው አሮጌውን ደብተር አወጣ፤ በዚያ ቀን ገጽ ላይ ከስሟ አጠገብ «የወጣችበት፥ 11 ሰዓት ከ10» ተብሎ በእርሳስ ተጽፎ ነበር።