የጉበት ስብ በሽታና ማይክሮ አር.ኤን.ኤ.-122፦ የአንድ ግኝት ታሪክ

አልኮል የማይጠጣ ሰው ጉበት እንደ ጠጪ ጉበት በስብ ተሞልቶና ተቆጥቶ ሊገኝ እንደሚችል ቢታወቅም፣ ሕመሙ ራሱን የቻለ ስም ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። በአሜሪካ የማዮ ክሊኒክ ባልደረቦች የ20 ሕሙማንን የጉበት ናሙና መርምረው ስም ሲያወጡለት፣ ከውፍረትና ከስኳር በሽታ ጋር ያለውን ዝምድናም አስተውለዋል። ስያሜው እ.ኤ.አ. በ2023 እንደገና ተለውጧል።

ስለ በሽታው ሥነ ሕይወት ብዙ ያስተማረው ግኝት የተገኘው ግን ከጉበት ሐኪሞች ዘንድ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1993 ቪክተር አምብሮስና ጋሪ ሩቭኩን 1 ሚሊ ሜትር ያህል ርዝመት ያለውን ትል ሲያጠኑ፣ ሊን-4 የተባለው ዘረ-መል ፕሮቲን እንደማይሠራ ተረዱ። የሚሠራው 22 ኑክሊዮታይድ ያለው አጭር አር.ኤን.ኤ. ሲሆን፣ ይህም የሌላውን ዘረ-መል መልእክተኛ አር.ኤን.ኤ. በመያዝ ፕሮቲን እንዳይመረት ያግዳል። ግኝቱ ለሰባት ዓመታት ያህል የትሉ ልዩ ጠባይ ብቻ ተደርጎ ታየ። እ.ኤ.አ. በ2000 ሌት-7 የተባለው ሁለተኛው ሞለኪውል በሰው ልጅም ውስጥ መኖሩ ሲረጋገጥ አመለካከቱ ተለወጠ።

እ.ኤ.አ. በ2002 በጀርመን የቶማስ ቱሽል ቡድን የአይጥን የሰውነት ክፍሎች ሲመረምር፣ በጉበት ከተገኙት ማይክሮ አር.ኤን.ኤ.ዎች 70 በመቶ ያህሉ አንድ ዓይነት፣ ማለትም ቁጥር 122፣ ሆኖ አገኘው። እ.ኤ.አ. በ2006 ይኸው ሞለኪውል ስብ በበዛበት ምግብ በተቀለቡ አይጦች ላይ ሲታገድ የደም ኮሌስትሮልም የጉበት ስብም ቀነሰ። መድኃኒቱ የተገኘ መሰለ።

ይሁንና እ.ኤ.አ. በ2008 በታተመ ጥናት፣ ስባቸው በተቆጣ ሕሙማን ጉበት ውስጥ ሞለኪውሉ በዝቶ ሳይሆን አንሶ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ በአሜሪካና በታይዋን የሚገኙ ሁለት ቡድኖች ዘረ-መሉን ከአይጦች ፈጽሞ አጠፉት። የደም ኮሌስትሮላቸው እንደተጠበቀው ወረደ፤ ጉበታቸው ግን በስብ ተሞላ፣ ተቆጣ፣ ጠባሳ አወጣ፣ በመጨረሻም ካንሰር ያዘው። ከምክንያቶቹ አንዱ ጉበቱ ስቡን ወደ ደም የመላክ አቅሙ መዳከሙ ነበር። በደም ውስጥ ጥሩ የመሰለው ቁጥር የጉበቱን ችግር ሸፍኖ ኖሯል! እርግጥ ነው፣ ለጥቂት ሳምንታት ማገድና ዕድሜ ልክ ማጥፋት አንድ አይደሉም፤ ሁለቱን ውጤቶች እንደ ተራ ቅራኔ ማየትም ስህተት ነው።

የሄፓታይተስ ሲ ቫይረስ ለመራባት ይህን ሞለኪውል ስለሚፈልግ፣ ሚራቪርሰን የተባለው አጋጅ በ36 ሕሙማን ላይ ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2013 የቫይረሱን መጠን መቀነሱ ተዘገበ። በአፍ የሚወሰዱ ቀጥተኛ ፀረ-ቫይረሶች ግን ቀደሙት።

አምብሮስና ሩቭኩን እ.ኤ.አ. በ2024 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር በአሜሪካ ለዚህ የጉበት በሽታ የመጀመሪያው መድኃኒት፣ ሬስሜቲሮም፣ ተፈቀደ። የሚሠራው በታይሮይድ ሆርሞን ተቀባይ በኩል እንጂ በማይክሮ አር.ኤን.ኤ. አይደለም።