ይድነቃቸው ተሰማ

ይድነቃቸው ተሰማ (መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. – ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም.) ኢትዮጵያዊ የእግር ኳስ ተጫዋች፣ አሰልጣኝና የስፖርት መሪ ነበሩ። ለ23 ዓመታት በቅዱስ ጊዮርጊስ የስፖርት ማኅበር በአጥቂነት ተጫውተዋል። ኢትዮጵያ እስካሁን ለአንድ ጊዜ ብቻ ያገኘችውን የአፍሪካ ዋንጫ በ1954 ዓ.ም. ስታሸንፍ የብሔራዊ ቡድኑ አሰልጣኝ እርሳቸው ነበሩ። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዱ ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ በፕሬዚዳንትነት መርተውታል። ስማቸው በተለይ የሚነሣው የአፓርታይድ ሥርዓት የነበረባት ደቡብ አፍሪካ ከአህጉሪቱና ከዓለም ስፖርት እንድትታገድ ባደረጉት የረዥም ዘመን ትግል ነው።

ትውልድና የልጅነት ዘመን

ይድነቃቸው የተወለዱት በጅማ ከተማ ነው። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በግጥምና በዜማ የታወቁ ሰው ነበሩ። በአፄ ምኒልክ ዘመን ወደ ጀርመን ተልከው ሳለ ድምፃቸውን በሸክላ አስቀርጸዋል፤ በዚህም በሸክላ ከተቀረጹት ኢትዮጵያውያን ድምፃውያን ቀዳሚው ተብለው ይጠቀሳሉ። ተሰማ የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ልጅ ለሆኑት ለልጅ ኢያሱ ቅርብ ሰው ነበሩ።

ይድነቃቸው ትምህርታቸውን በአዲስ አበባ በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ተከታትለዋል። በዚያን ጊዜ እግር ኳስ በከተማዋ የሚታወቀው በአብዛኛው በውጭ አገር ነዋሪዎች፣ ማለትም በአርመኖች፣ በግሪኮች፣ በጣሊያኖችና በሌሎች ማኅበረሰቦች ጨዋታነት ነበር። የአገሬው ወጣቶች ኳሱን የለመዱት በትምህርት ቤት ግቢና በሰፈር ሜዳ ነው።

የተጫዋችነት ዘመን

የቅዱስ ጊዮርጊስ የስፖርት ማኅበር በ1928 ዓ.ም. በአራዳ ሰፈር ሲመሠረት ይድነቃቸው የ14 ዓመት ልጅ ነበሩ። የማኅበሩ መሥራቾች አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ ናቸው። ማኅበሩ ከተቋቋመ ጥቂት ወራት በኋላ አዲስ አበባ በፋሺስት ጣሊያን ጦር ተያዘች።

የወረራው አስተዳደር በሌላው የኑሮ ዘርፍ ሁሉ እንዳደረገው በስፖርትም ሰውን በዘር ለየ። ኢትዮጵያውያን ከነጮች ጋር በአንድ ውድድር እንዳይሰለፉ ተከለከለ፤ የ«አገሬዎች» ውድድርም ለብቻው ተደራጀ። ቅዱስ ጊዮርጊስም ስሙን ትቶ «ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር» እንዲባል ተገደደ። ይድነቃቸው ከ14 እስከ 19 ዓመት የነበረውን የወጣትነት ዕድሜያቸውን በዚህ ሁኔታ ሲጫወቱ አሳለፉ። በቀለሙ ምክንያት ከሜዳ የሚገለል ተጫዋች ምን እንደሚሰማው በራሳቸው ስለደረሰ ያውቁ ነበር። በኋላ ዘመን በደቡብ አፍሪካ ጉዳይ የያዙት የማያወላዳ አቋም ከዚህ የሕይወት ልምድ ተለይቶ አይታይም።

በ1933 ዓ.ም. አገሪቱ ነፃ ስትወጣ ማኅበሩ ወደ ቀድሞ ስሙ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ በአዲስ አበባ በተጀመረው ውድድር ቅዱስ ጊዮርጊስ የኢትዮጵያውያን ወኪል ሆኖ ከአርመኖቹ አራራት፣ ከጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ ከግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስና ከእንግሊዝ የጦር ልዑክ ቡድን ጋር ተጋጠመ። ከ5ቱ ቡድኖች የአገሬው ሰው የእኔ የሚለው አንዱን ብቻ ስለነበር፣ የጨዋታው ውጤት ከነጥብ በላይ ትርጉም ነበረው።

ይድነቃቸው እስከ 1950 ዓ.ም. ድረስ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ሌላ ማልያ አልለበሱም። በ365 ጨዋታዎች 318 ግቦችን እንዳስቆጠሩ ይነገራል። ለብሔራዊ ቡድንም 15 ጊዜ ተሰልፈዋል።

ከሜዳ ወደ አመራር

በዚያ ዘመን በኢትዮጵያ የተጫዋችነት፣ የአሰልጣኝነትና የአስተዳደር ሥራ ገና ተለያይቶ አልተደራጀም ነበር። የተማረና ጨዋታውን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ስለነበር፣ አንድ ሰው ቅዳሜና እሑድ ተጫዋች፣ በሥራ ቀናት ደግሞ ጸሐፊና አደራጅ መሆኑ የተለመደ ነው። ይድነቃቸውም ገና በመጫወት ላይ ሳሉ በኢትዮጵያ ስፖርት አደረጃጀት ውስጥ ገቡ። የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ1943 ተመሠረተ። ኢትዮጵያ በኦሎምፒክ እንድትሳተፍም ከደከሙት ሰዎች መካከል ናቸው። የአገሪቱ ኦሎምፒክ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ1954 ዕውቅና አግኝቶ፣ ኢትዮጵያ ከሁለት ዓመት በኋላ በሜልቦርን ለመጀመሪያ ጊዜ በአትሌቲክስና በብስክሌት ተወዳደረች።

የኮንፌዴሬሽኑ መመሥረትና የደቡብ አፍሪካ ጉዳይ

እ.ኤ.አ. በሰኔ 1956 የዓለም እግር ኳስ ማኅበር (ፊፋ) በሊዝበን ባደረገው ጉባኤ የተገኙ የአፍሪካ ተወካዮች የራሳቸውን አህጉራዊ ማኅበር ለመመሥረት ተስማሙ። ይህም የካቲት 1 ቀን 1949 ዓ.ም. በካርቱም ተፈጸመ። መሥራቾቹ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ነበሩ። ይድነቃቸው ከኢትዮጵያ ልዑካን አንዱ ነበሩ።

በዚያው ሳምንት በካርቱም የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ሊካሄድ ታቅዶ ነበር። ደቡብ አፍሪካ ግን በሕጓ መሠረት ጥቁርና ነጭ የተቀላቀለበት ቡድን መላክ እንደማትችል አስታወቀች። ልልክ የምችለው ወይ ነጮችን ብቻ፣ ወይ ጥቁሮችን ብቻ ነው አለች። ሌሎቹ መሥራቾች ይህን ባለመቀበላቸው ደቡብ አፍሪካ ከውድድሩ ወጣች። ከእርሷ ጋር በግማሽ ፍጻሜ ተደልድላ የነበረችው ኢትዮጵያ በፎርፌ ለፍጻሜ አልፋ በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች። አራቱንም ግቦች ያስቆጠረው መሐመድ ዲያብ አል-አታር (አድ-ዲባ) ነበር።

የካርቱሙ ውሳኔ ዓለም አቀፍ ተቋማት በአፓርታይድ ላይ ገና ሳይነሡ በስፖርቱ ዓለም ከተወሰዱት የመጀመሪያ እርምጃዎች አንዱ ነው። ፊፋ ደቡብ አፍሪካን ያገደው ከአራት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1961 ነበር። በ1963 እገዳው ተነሣ፤ በአፍሪካውያን ተቃውሞ በ1964 በቶኪዮው ጉባኤ እንደገና ጸና። በ1976 በሞንትሪያል ደቡብ አፍሪካ ከአባልነት ጨርሳ ተባረረች። በዚህ ሁሉ ሂደት ይድነቃቸው ከግንባር ቀደም ተከራካሪዎች አንዱ ነበሩ፤ በሞንትሪያሉ ጉባኤ ጊዜም የካፍ ፕሬዚዳንት ነበሩ።

የ1954 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ

ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ በአዲስ አበባ፣ ያኔ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በሚባለው ስታዲየም ከጥር 6 እስከ 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ተካሄደ። የቀረቡት ቡድኖች ኢትዮጵያ፣ ቱኒዚያ፣ ዩጋንዳ እና የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ በሚል ስም የተሰለፈችው ግብፅ ነበሩ። ግብፅ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዋንጫዎች የወሰደች ስለሆነች ለሦስተኛው ግምት የተሰጣት እርሷ ናት።

ይድነቃቸው ያሠለጠኑት ቡድን ከአዲስ አበባ፣ ከአሥመራና ከሌሎች ከተሞች የተውጣጣ ነበር። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎና ወንድሙ ኢታሎ ቫሳሎ ከጣሊያናዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት የተወለዱ ናቸው። ከቅዱስ ጊዮርጊስ ደግሞ ወጣቱ አጥቂ መንግሥቱ ወርቁ ነበር። ደቡብ አፍሪካ ቡድኗን በቀለም ከፍላ ልላክ ካለች ከአምስት ዓመት በኋላ፣ ክልስና ጥቁር ተጫዋቾች አብረው የተሰለፉበት ቡድን ዋንጫውን ሊያነሣ ነበር።

ኢትዮጵያ በግማሽ ፍጻሜ ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸነፈች። የፍጻሜው ጨዋታ የተደረገው ከጥምቀት ሁለት ቀን በኋላ፣ ጥር 13 ቀን ነው። ግብፅ በባደዊ ግብ በ35ኛው ደቂቃ መራች። ተክሌ በ74ኛው ደቂቃ አቻ ቢያደርግም ባደዊ ወዲያው በ75ኛው ደቂቃ ሁለተኛውን አስቆጠረ። ጨዋታው ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው ሉቺያኖ እንደገና አቻ አደረገ። በጭማሪው ሰዓት ኢታሎ በ101ኛው፣ መንግሥቱ ደግሞ በ117ኛው ደቂቃ አስቆጥረው ጨዋታው በኢትዮጵያ 4 ለ 2 አሸናፊነት ተጠናቀቀ። ዋንጫውን አምበሉ ሉቺያኖ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ። መንግሥቱ ወርቁና ባደዊ በእኩል 3 ግቦች የውድድሩ ከፍተኛ ግብ አስቆጣሪዎች ሆኑ።

ከዚህ ቡድን ተጫዋቾች መካከል የአሰልጣኛቸውን መንገድ የተከተሉ አሉ። ሉቺያኖ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ መጫወት ካቆሙ በኋላ ሁለቱም ብሔራዊ ቡድኑን አሠልጥነዋል።

ለዓለም ዋንጫ ቦታ የተደረገ ክርክር

ለ1966ቱ የዓለም ዋንጫ ፊፋ ከመደባቸው 16 ቦታዎች መካከል ለአፍሪካ፣ ለእስያና ለኦሽንያ በጋራ የተሰጠው አንድ ብቻ ነበር። የአፍሪካ ምድብ አሸናፊ በቀጥታ አያልፍም፤ ከሌላው አህጉር አሸናፊ ጋር እንደገና መጋጠም ይጠበቅበታል። ይድነቃቸው ከጋናው ኦሄኔ ጃን ጋር ሆነው ይህን አሠራር ተቃወሙ። ፊፋ ሐሳቡን ባለመቀየሩ 15 የአፍሪካ ቡድኖች ከማጣሪያው ራሳቸውን አገለሉ።

ተቃውሞው ውጤት አስገኘ። ከ1970ው ውድድር ጀምሮ አፍሪካ የራሷ አንድ ቦታ ተሰጣት፤ በሜክሲኮው ዋንጫ ሞሮኮ ተሳተፈች።

የካፍ ፕሬዚዳንትነት

ይድነቃቸው እ.ኤ.አ. በ1972 የሱዳኑን ዶክተር አብደል ሐሊም መሐመድን ተክተው የካፍ ፕሬዚዳንት ሆኑ። ከ1971 ጀምሮም የዓለም አቀፉ ኦሎምፒክ ኮሚቴ አባል ነበሩ። ኮንፌዴሬሽኑን በመሩባቸው 15 ዓመታት የአፍሪካ የዋንጫ አሸናፊዎች ዋንጫ በ1975፣ የአፍሪካ ወጣቶች ሻምፒዮና ደግሞ በ1979 ተጀመሩ። የ1976ቱ የአፍሪካ ዋንጫ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ተካሂዶ ሞሮኮ አሸንፋለች።

በዚሁ ዘመን የአፍሪካ ቡድኖች በዓለም ዋንጫ ያላቸው ስፍራ ተለወጠ። ቱኒዚያ በ1978 ሜክሲኮን 3 ለ 1 በማሸነፍ በዓለም ዋንጫ ጨዋታ ያሸነፈች የመጀመሪያዋ የአፍሪካ አገር ሆነች። የተሳታፊዎች ቁጥር ወደ 24 ባደገበት በ1982 አፍሪካ ሁለት ቦታ አገኘች፤ አልጄሪያ ምዕራብ ጀርመንን 2 ለ 1 ስትረታ ካሜሩን ሳትሸነፍ ከምድቧ ተሰናበተች። በ1986 ደግሞ ሞሮኮ ምድቧን በአንደኝነት ጨረሰች።

ይድነቃቸው የአፍሪካ ተጫዋቾች ወደ አውሮፓ መፍለስ የአህጉሪቱን ክለቦች ያዳክማል የሚል ስጋት ነበራቸው። ካፍ ከ1965 ጀምሮ አንድ ብሔራዊ ቡድን ለአፍሪካ ዋንጫ ከውጭ አገር ሊያመጣ የሚችለውን ተጫዋች በሁለት ወስኖ ነበር። ገደቡ ዓላማው አገር ውስጥ ያሉትን ተጫዋቾች ማበረታታት ሲሆን፣ በርካታ ተጫዋቾች ወደ አውሮፓ ሲሄዱ ግን ምርጦቹን ከውድድሩ የሚያስቀር ሆነ። በመጨረሻ በ1982 ተነሣ። ስጋቱ ራሱ ግን በአፍሪካ እግር ኳስ ዛሬም መከራከሪያ እንደሆነ ነው።

ሕልፈትና ቅርስ

ይድነቃቸው ተሰማ ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. በ65 ዓመታቸው በካንሰር ሕመም አረፉ። እርሳቸውን በጊዜያዊነት የተኩት ከእርሳቸው በፊት የነበሩት ዶክተር አብደል ሐሊም መሐመድ ናቸው፤ በ1988 ደግሞ ካሜሩናዊው ኢሳ ሃያቱ ተመረጡ። ይድነቃቸው ባረፉ በጥቂት ወራት ውስጥ ኢትዮጵያ በራሷ ሜዳ ያስተናገደችውን የምሥራቅና የመካከለኛው አፍሪካ ዋንጫ ዚምባብዌን በፍጹም ቅጣት ምት ረትታ አሸነፈች።

የአፓርታይድ ሥርዓት ሲወድቅ ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1992 ወደ ፊፋ ተመለሰች። በ1996 የአፍሪካን ዋንጫ ጥቁሮችና ነጮች በተቀላቀሉበት ቡድን፣ በአገሯ ሜዳ አሸነፈች። ይህ ቡድን ከ39 ዓመት በፊት በካርቱም አይቻልም የተባለው ዓይነት ነበር።

ኢትዮጵያ በበኩሏ እ.ኤ.አ. ከ1982 በኋላ ለ31 ዓመታት ከአፍሪካ ዋንጫ ርቃ ቆየች። በአሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው መሪነት የተመለሰችው ደቡብ አፍሪካ ባስተናገደችው የ2013 ውድድር ነው። የመጀመሪያ ጨዋታዋን ከዛምቢያ ጋር ያደረገችው ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ ይኸውም የይድነቃቸው ቡድን ዋንጫውን ባነሣ በ51ኛው ዓመት በዚያው ዕለት ነበር። በአዳነ ግርማ ግብ 1 ለ 1 ተለያየች።