የአባት ስም

የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት የነበሩትን ይድነቃቸው ተሰማን የውጭ ሰዎች «ሚስተር ተሰማ» ይሏቸው ነበር። እኛ ዘንድ ሰው በገዛ ስሙ ይጠራል፤ አባት ከኋላ ይከተላል። ባዕዳኑ ግን ሁለተኛውን ስም የቤተሰብ መጠሪያ አድርገው ያዙት። እንዲህ ሆኖ የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ስም፣ ጠሪዎቹ ማንነታቸውን ሳያውቁ፣ በየስብሰባው አዳራሽ ሲነሳ ኖረ።

ነጋድራስ ተሰማን በ1900 ዓ.ም. ግድም አፄ ምኒልክ ወደ ጀርመን ልከዋቸው ነበር። የሄዱት የመኪና ሙያ ሊማሩ ነው። እዚያ ሳሉ ግን ድምፃቸውን ሸክላ ላይ አስቀረጹ፤ ይህን በማድረግም ከኢትዮጵያ ድምፃውያን ቀዳሚው ሆኑ። ማሲንቆ የአዝማሪ እንጀራ ተብሎ በሚናቅበት ዘመን፣ የቤተ መንግሥት ሰው ለዘፈን እንዲህ ደፍሮ መቆሙ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ቅኔ አዋቂነታቸውና ጨዋታቸው ከልጅ ኢያሱ ጋር አወዳጃቸው። ያ ወዳጅነት ልጅ ኢያሱ በ1909 ከሥልጣን ሲወርዱ መዘዝ አመጣባቸው።

ልጃቸው ይድነቃቸው መስከረም 1 ቀን 1914፣ በእንቁጣጣሽ፣ ጅማ ላይ ተወለዱ። አባት በቃል ያደረገውን ልጅ በኳስ አደረገው ማለት ይቻላል። ለቅዱስ ጊዮርጊስ 23 ዓመት ተጫወቱ፤ የካቲት 1949 ደግሞ ካርቱም ላይ ኮንፌዴሬሽኑን ከግብፅ፣ ከሱዳንና ከደቡብ አፍሪካ ሰዎች ጋር ከመሠረቱት አንዱ ሆኑ። ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አላሰልፍም በማለቷ ከመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ታገደች። ተጋጣሚዋ ኢትዮጵያ ስለነበረች ቡድናችን ሳይጫወት ለፍጻሜ ደረሰ፤ በግብፅም 4 ለ 0 ተሸነፈ።

ጥር 13 ቀን 1954 የዚያ ሽንፈት ዕዳ አዲስ አበባ ላይ፣ በሌላ የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ፣ ተከፈለ። የካምቦሎጆ ስታዲየም ጢም ብሏል፤ ከአሠልጣኞቹ መካከል ይድነቃቸው አሉ። ግብፅ ሁለት ጊዜ መራች። ግርማ ተክሌ አንዴ አቻ አደረገ፤ ጨዋታው ሊገባደድ ደቂቃዎች ሲቀሩ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ደግሞ አቻ አደረገ። በጭማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አስቆጥረው 4 ለ 2 አለቀ። ዋንጫውን ጃንሆይ ለሉቺያኖ አስረከቡ።

ከ1964 ጀምሮ ይድነቃቸው ኮንፌዴሬሽኑን መሩ። በእሳቸው ዘመን፣ በ1968፣ ፊፋ አፓርታይድ የነገሠባትን ደቡብ አፍሪካን አባረረ፤ በ1974ቱ የዓለም ዋንጫም የአፍሪካ ቦታ ከአንድ ወደ ሁለት አደገ። ወንበሩ ላይ እንዳሉ፣ በቡሄ ዕለት፣ ነሐሴ 13 ቀን 1979 አረፉ።

ይድነቃቸው የአባታቸውን ቅኔና ታሪክ «ሰምና ወርቅ» በተሰኘው መጽሐፍ ሰብስበዋል። የልጃቸው የታደለ ይድነቃቸው መጽሐፍ ደግሞ ስለ እሳቸው ነው። የአያትየው ሸክላም ከመቶ ዓመት ግድም በኋላ በ«ኢትዮፒክስ» ተከታታይ፣ 27ኛው ላይ፣ ዳግም ታተመ። ሲከፈት መጀመሪያ የሸክላው መንጫጫት ይሰማል፤ ቀጥሎ ማሲንቆው፤ ከዚያም የነጋድራስ ተሰማ ድምፅ።