ከሎኮሞቲቩ ይልቅ ዙሪያው፦ የብሪታንያ ባቡር ወዳጆች ፎቶግራፎች እንደ ታሪክ ማስረጃ

የብሪታንያ መንግሥት የአገሪቱን የባቡር ኩባንያዎች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጃንዋሪ 1 ቀን 1948 ሲወርስ (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በዚያው አቆጣጠር ናቸው) 20 ሺህ ገደማ የእንፋሎት ሎኮሞቲቮችን ተረከበ። ኦገስት 11 ቀን 1968 ከሊቨርፑል ወደ ካርላይል ደርሶ መልስ የተጓዘው የስንብት ባቡር ጉዞውን ሲጨርስ፣ በአገሪቱ ዋና መስመሮች ላይ የእንፋሎት ዘመን አከተመ፤ በመንግሥቱ የባቡር ድርጅት ውስጥ በእንፋሎት መሥራቷን የቀጠለችው በዌልስ ያለች አንዲት ጠባብ የቱሪስት መስመር ብቻ ነበረች። የዚህ ለውጥ የመንግሥት ወገን ታሪክ በሚገባ ተጽፏል። 1,240 ሚሊዮን ፓውንድ የታሰበለት የ1955ቱ የዘመናዊነት ዕቅድ አለ። ከ2,300 በላይ ጣቢያዎችና ፌርማታዎች እንዲዘጉ ሐሳብ ያቀረበው የ1963ቱ የሪቻርድ ቢቺንግ ሪፖርትም አለ። ለውጡ በየጣቢያውና በየዴፖው ምን ይመስል እንደነበር ግን ከማንም አብልጠው የሚነግሩን በትርፍ ጊዜያቸው ሐዲድ ዳር የቆሙ ሰዎች ያነሷቸው ፎቶግራፎች ናቸው። እነዚህ ፎቶግራፎች ዛሬ ከየቤቱ እየወጡ ለሕዝብ በሚታዩበት ጊዜ፣ ዋጋቸው የት ላይ እንዳለ መለየት ያስፈልጋል። በእኔ እምነት ዋጋቸው ያለው በሁለት ቦታ ነው፦ ከፎቶው ጀርባ በተጻፈችው አንዲት መስመር ማስታወሻና ፎቶ አንሺው ሳያስበው ካሜራው ባስቀረው ዙሪያ ገባ።

ማስታወሻው ከየት እንደመጣ ለመረዳት ወደ 1942 መመለስ ይገባል። ኢያን አለን የተባለ የደቡብ ባቡር ኩባንያ ወጣት ሠራተኛ በዚያ ዓመት የኩባንያውን ሎኮሞቲቮች ቁጥርና ስም የያዘች ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። መጽሐፏ ተወደደች፤ ተከታዮቿ የአገሪቱን ሎኮሞቲቮች በሙሉ እስከ መዘርዘር ደረሱ። በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ታዳጊዎችም ያዩትን ቁጥር በእርሳስ እያሰመሩ በየመድረኩ ጫፍ መዋል ጀመሩ። ከእነዚህ ልጆች አንዳንዶቹ ካሜራ ሲይዙ የቁጥር ልማዳቸውን አልተዉም። ፎቶው ሲታጠብ ከጀርባው የሎኮሞቲቩ ቁጥር፣ ቀኑና ቦታው ይጻፍ ነበር። በዚያው ዘመን ከተነሱት የቤተሰብና የሽርሽር ፎቶዎች ስንቶቹ ቀንና ቦታ እንደሌላቸው ለሚያውቅ ሰው፣ ይህ ልማድ ምን ያህል ትልቅ ስጦታ እንደሆነ ግልጽ ነው።

የመሣሪያው ደካማነትም የራሱን መልክ ሰጥቷል። የብዙዎቹ ካሜራ ኮዳክ ቦክስ ብራውኒ ወይም የእሱ ቢጤ ነበር። በአንድ ጥቅል ፊልም ስምንት ፎቶ ብቻ ያነሳል፤ መዝጊያው አዝጋሚ ስለሆነ በፍጥነት የሚያልፍ ባቡር ይደበዝዝበታል። ስለዚህ ልጁ ፀሐይን ከትከሻው ጀርባ አድርጎ የቆመ ሎኮሞቲቭን ከፊትና ከጎን አጣምሮ ያነሳል። በጥበብ ዓይን ሲታዩ እነዚህ ፎቶዎች አንዱ ከአንዱ የማይለይ፣ አሰልቺ ሊመስሉ ይችላሉ። ለታሪክ መርማሪ ግን ይኸው አነሳስ እጅግ ይመቻል፤ ምክንያቱም ማስረጃው የሚገኘው የሎኮሞቲቩ ፊት ላይ ነው። በጭስ ክፍሉ በር ላይ የቁጥሩ ሰሌዳ አለ፤ ከሥሩ ደግሞ ሎኮሞቲቩ የሚያድርበትን ዴፖ ምልክት የያዘች ትንሽ ሞላላ ሰሌዳ ትገኛለች። የባዝ ከተማው ግሪን ፓርክ ዴፖ ምልክት ከ1950 እስከ 1958 «71ጂ» ነበር፤ አስተዳደሩ ወደ ሌላ ክልል ሲዞር «82ኤፍ» ሆነ። ቀን ያልተጻፈበት ፎቶ በዚህች ሰሌዳ ብቻ ከለውጡ በፊት ወይም በኋላ የተነሳ እንደሆነ ይታወቃል። በድንጋይ ከሰልና በውኃ መጫኛው ጎን ላይ ያለው የአንበሳ ዓርማ በ1956 መቀየሩም እንዲሁ ይረዳል። በናፍጣ ሎኮሞቲቮች ላይ ደግሞ ሠራተኞች ከሩቅ እንዲያዩአቸው ከ1962 ጀምሮ ፊታቸው ላይ የተቀባው ቢጫ ቀለም አለ። ማስታወሻውና ሥዕሉ ሲደጋገፉ አንዱ የሌላውን ስሕተት ያርማል።

ወደ ሁለተኛው ነገር፣ ወደ ዙሪያ ገባው ስንመጣ፣ ፎቶዎቹን ከኩባንያዎቹና ከፋብሪካዎቹ ኦፊሴላዊ ፎቶዎች ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። ፋብሪካው አዲስ ሎኮሞቲቭ ሲያስመርቅ ዝርዝሩ ጎልቶ እንዲታይ ብዙ ጊዜ ለፎቶ ተብሎ ግራጫ ይቀባል፤ በጎን ይነሳል፤ በስተጀርባው ያለው ግድግዳና ሰው ኔጋቲቩ ላይ ተሸፍኖ ይጠፋል። የሚቀረው ንጹሕ ማሽን ብቻ ነው። የአማተሩ ልጅ ግን ሊያጠፋው የሚችለው ነገር የለም። በግራ በኩል አመድ የሚዝቅ ሠራተኛ፣ በቀኝ የውኃ መቅጃው ክንድ፣ ከኋላ የወተት ገንቦ የተደረደረበት መድረክ፣ የከብት መጫኛ በረት፣ የከተማው ጋዝ ፋብሪካ ጭስ ማውጫ፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ አብረው ይገባሉ። እነዚህን ማንም ለብቻቸው ፎቶ ለማንሳት አላሰበም። የእንፋሎቱ ዘመን ከሎኮሞቲቩ ጋር ይዞት የሄደው ዓለም ግን ይኸው ነው፤ የከሰል ጫኙ፣ የእሳት አንዳጁ፣ የማለዳ አጽጂው፣ የምልክት ቤት ጠባቂው ኑሮ የሚታየው በሥዕሉ ጠርዝ ላይ ነው።

ለዚህ የሶመርሴትና ዶርሴት መስመር ጥሩ ምሳሌ ይሆነናል። ከባዝ ተነስቶ በኮረብታዎች መካከል እስከ ቦርንማውዝ የሚወርደው ይህ መስመር በማርች 1966 ተዘጋ። ዛሬ መስመሩ ዝነኛ የሆነው በከፊል የባዝ ነዋሪው አይቮ ፒተርስ ለዓመታት እየተመላለሰ በፎቶና በተንቀሳቃሽ ፊልም ስለመዘገበው ነው። ፒተርስ ጥንቁቅ አማተር ነበር፤ ሎኮሞቲቩን ከኮረብታው፣ ከድልድዩና ከጣቢያው ጋር አስማምቶ ያነሳል። መስመሩ ከተዘጋ በኋላ ሐዲዱ ተነቅሎ፣ ጣቢያዎቹ ፈርሰው ወይም ለሌላ አገልግሎት ውለው ሳለ፣ ሥራው የአንድ ወረዳ መልክአ ምድር መዝገብ ሆነ።

ጠንካራ ተቃውሞ ሊነሳ ይችላል፤ እሱም ተገቢ ነው። እነዚህ ፎቶ አንሺዎች ሊጠፋ ያለውን ነገር የሚወዱ ሰዎች ስለነበሩ መዝገባቸው ሚዛኑን የሳተ ነው ይባላል። እውነት ነው። ብዙዎቹ የናፍጣውን ማሽን እንደ ባላጋራ ያዩት ስለነበር ሲያልፍ ካሜራቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር። ፊልም ውድ ነው፤ ስምንት ፎቶ ብቻ ያለው ልጅ አንዱን በሚጠላው ነገር ላይ አያባክንም። ውጤቱ ዛሬ ይታያል። በሜትሮፖሊታን ቪከርስ የተሠሩትን 20 የናፍጣ ሎኮሞቲቮች እንውሰድ፦ በ1958 አገልግሎት ጀመሩ፤ ሞተራቸው እያስቸገረ ጥቂት ዓመታት ሠርተው እስከ 1968 መጨረሻ ሁሉም ከሥራ ወጡ፤ ከእነሱ የተረፈው አንድ ብቻ ነው። በ1947 መጨረሻ የወጣው የመጀመሪያው የብሪታንያ የዋና መስመር ናፍጣ ሎኮሞቲቭ፣ ቁጥር 10000፣ እንኳ ለሙዚየም ሳይደርስ ተቆራርጧል። እንዲህ ባለው ማሽን ፊት ከቆሙት ይልቅ ፊታቸውን ያዞሩት ይበዙ ነበር። ስለዚህ ተቃውሞው የሚያስተምረን ፎቶዎቹን እንድንጥላቸው አይደለም። የትኞቹን እንደምንፈልግ ነው የሚነግረን፦ ስብስብ የሚከፍት ሰው የከበረውን የእንፋሎት ባቡር አውጥቶ አሰልቺውን የናፍጣ ማሽን ሳጥን ውስጥ ቢተወው፣ የ1960ዎቹን አድልዎ እንደገና ይደግመዋል። መጀመሪያ ሊታይ የሚገባው ያ የተናቀው ፎቶ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ «በቂ አለን» የሚል ነው። የአንድ ዓይነት ሎኮሞቲቭ ሺህ ፎቶ ምን ይጨምራል ይላሉ። ይህ አባባል የለውጡን ፍጥነት ይዘነጋል። ከ1954 እስከ 1960 የተሠሩት 251 «9ኤፍ» የጭነት ሎኮሞቲቮች ብዙ አሥርት ዓመታት እንዲያገለግሉ ታስበው የነበሩ ናቸው። ከመካከላቸው «ኢቪኒንግ ስታር» በማርች 1960 ከስዊንደን ፋብሪካ ስትወጣ መንግሥት የሠራት የመጨረሻዋ የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ነበረች፤ በ1965 ከሥራ ወጣች። የአምስት ዓመት ዕድሜ ያላት ማሽን በአንድ ወር ልዩነት የተነሱ ሁለት ፎቶዎች ቢገኙላት ሁለቱም ይጠቅማሉ፤ አንዱ የጸዳችበትን፣ ሌላው ጽዳት የተተወበትን ጊዜ ያሳያል። በደቡብ ዌልስ ባሪ ከነበረው የብረታ ብረት ግቢ 213 ሎኮሞቲቮች ከመቆራረጥ ተርፈው ለእድሳት ሲወሰዱ፣ ብዙዎቹ ከቁጥር ሰሌዳቸው ጀምሮ ብዙ ዕቃቸው ተነቅሎ ነበር። የቧንቧው አቀማመጥ፣ የፋኖሱ መስቀያ፣ የቀለሙ መስመር በዚህ ዓመት እንዴት ነበር ለሚለው ጥያቄ የፋብሪካው ንድፍ ብቻውን መልስ አይሰጥም፤ ዴፖ ውስጥ የተደረገ ለውጥ ንድፍ ላይ ሁልጊዜ አይመዘገብም። ይህን የሚመልሰው «ድግግሞሽ» የተባለው ፎቶ ነው።

እንግዲህ እነዚህን ፎቶዎች ለሕዝብ የሚያጋራ ሰው ምን ያድርግ? በእኔ ግምት ዛሬ ከእርጥበትና ከጊዜ ያልተናነሰ አደጋ የሚመጣው ከማሳመር ነው። ኮዳክሮም ስላይድ በጨለማ ከተቀመጠ ቀለሙን ለብዙ አሥርት ዓመታት ይይዛል፤ የዘመኑ ሌሎች የቀለም ፊልሞች ግን ብዙዎቹ ደብዝዘዋል ወይም ቀልተዋል። የአሲቴት ኔጋቲቭም ሲበላሽ እንደ ኮምጣጤ እየሸተተ ይሸበሸባል። ስለዚህ ቶሎ መቅዳት ግድ ነው። ነገር ግን ቀድቶ ጠርዙን መቁረጥ፣ ሎኮሞቲቩን አጉልቶ አመድ ዛቂውን ማስወጣት፣ ጥቁርና ነጩን በግምት ቀለም መቀባት፣ ከጀርባ ያለውን ጽሑፍ ሳይገለብጡ ፊቱን ብቻ ማሳየት ፎቶውን ወደዚያ ወደ ፋብሪካው የተሸፈነ ኔጋቲቭ ይመልሰዋል። የባለቤትነት መብት ጥያቄም አለ፦ በብሪታንያ ሕግ መብቱ ፎቶ አንሺው ከሞተ 70 ዓመት እስኪሞላ ለወራሾቹ ይቆያል። ይህ አንዳንዱን ስብስብ ያዘገየዋል፤ ሆኖም ፈቃድ መጠየቅ ራሱ ስሙን፣ ማስታወሻ ደብተሩንና የጉዞ መዝገቡን የሚያስገኝ አጋጣሚ ስለሆነ እንደ መሰናክል ብቻ ሊታይ አይገባም። ደብተሩ የተጣለበት ስላይድ ግማሽ ማስረጃ ነው።

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ከጅቡቲ ድሬዳዋን አቋርጦ አዲስ አበባ ይገባ የነበረው የአንድ ሜትር ስፋት ሐዲድም ከእንፋሎት ወደ ናፍጣ የተሻገረው በዚያው በ1950ዎቹ ነው። እዚህ የቁጥር መጽሐፍ ይዘው መድረክ ላይ የሚውሉ ታዳጊዎች አልነበሩም፤ የነበሩት የምድር ባቡር ሠራተኞችና ቤተሰቦቻቸው፣ በየጣቢያው ሊቶሪና በሚባለው ባለ ሞተር የመንገደኛ ባቡር ፊት ቆመው የተነሱ መንገደኞች ናቸው። በድሬዳዋ፣ በአዋሽ ወይም በለገሃር ዙሪያ ባደጉ ቤተሰቦች አልበም ውስጥ እንዲህ ያለ ፎቶ ካለ፣ የሚያውቁት ሽማግሌዎች በሕይወት ሳሉ የቆሙትን ሰዎች ስም፣ የጣቢያውን ስምና ዓመተ ምሕረቱን ከጀርባው በእርሳስ ጻፉበት። ስትቀዱትም ጠርዙን አትቁረጡ።