«ያዘ» እና «ለቀቀ»፦ ከሴባስቶፖል ሠረገላ እስከ ፍሬን ጉጠት

በደብረ ታቦር አቅራቢያ፣ በጋፋት፣ ለዐፄ ቴዎድሮስ የተሠራው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ክብደቱ ወደ 7 ቶን ይጠጋ ነበር። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ የጅዳንና የበሽሎን ገደል ተሻግሮ መቅደላ የደረሰው በዚያው ዓመት መጋቢት ወር ነው። ስለዚህ ጉዞ ሲወሳ ትኵረቱ ሁሉ በአቀበቱና በጎታቹ ብዛት ላይ ያርፋል። ለቃላት አጥኚ ግን ይበልጥ የሚያስተምረው ቁልቁለቱ ነው። እንዲህ ያለ ሠረገላ ሲወርድ ዋናው ሥራ መሳብ ሳይሆን መያዝ፣ ከዚያም በልክ መልቀቅ ነውና።

አውቶሞቢል በ1900 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ እነዚህ ሁለት ግሦች በቋንቋችን ውስጥ ሞልተው ነበር፤ የጐደለው ስም ነው። ስሙም ከውጭ መጣ። «ሾፌር» እና «ጋራዥ» ከፈረንሳይኛ፣ «ጎማ»፣ «ቸርኬ» እና «ካቻቢቴ» ከጣሊያንኛ ተወስደዋል። «ፍሬን» ግን ያከራክራል። ከጣሊያንኛ ቢሆን፣ እንደ «ኮፈኖ» መጨረሻው «ኖ» በሆነ ነበር ይባላል፤ ይሁን እንጂ «ሞቶሬ» መጨረሻውን ጥሎ «ሞተር» ሆኗልና ማስረጃው አይጸናም። የሁለቱም ምንጭ የሆነው የላቲን ቃል ትርጕሙ የፈረስ ልጓም ነው። ስለሆነም «ፍሬን» በ«ልጓም» ይተካ የሚል ሰው፣ ሳያውቀው ያንኑ ቃል መልሶ ይተረጕማል። በእኔ አስተያየት የሰፈረውን መንቀል አያስፈልግም።

አስቸጋሪው ግሡ ነው። ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር፣ ወደ 900 ሜትር በሚጠጋው ሽቅብ፣ በአሮጌ ፔጆ 504 ስወጣ የፊት ቀኝ ጎማ ግሎ የፍሬን ሸራው ሽታ ሸተተን። ከተማ ደርሰን መካኒኩ ጎማውን በእጁ ለማዞር ሞክሮ፣ «ጋሼ፣ ፍሬኑ ይዟል» አለኝ። እኔም ተመስገን አልሁ! እርሱ ማለቱ ግን «አልለቅ ብሏል» ነበር። በሰላሳ ዓመት የማስተማር ሥራዬ ያላስተዋልሁትን አሻሚነት በአንድ ቃል አሳየኝ። ይህንኑ ዐረፍተ ነገር በጥገና መጽሐፍ ውስጥ ያነበበ ሾፌር ደኅና ነው ብሎ ቁልቁለቱን ቢጀምር፣ የጋለው የፍሬን ዘይት ይፈላል፤ በመንገዱ መካከልም ፔዳሉ ባዶ ይሆናል።

የአሠራሩ ነገር እንዲህ ነው። ከጎማው ጋር የሚዞረውን ዲስክ አንድ ዕቃ ከሁለት ወገን አቅፎ በሸራ ይጨብጠዋል። የሚገፋው በዘይት ግፊት የሚንቀሳቀስ ፒስተን ሲሆን፣ እግር ከፔዳሉ ሲነሣ ፒስተኑን ጥቂት ወደ ኋላ የሚመልሰው ዙሪያውን የያዘው የጎማ ቀለበት ነው። ዘይቱ እርጥበት ይስባል፤ የአቧራ መከላከያው ከተቀደደም ውሃ ይገባል፤ ፒስተኑ ይዝጋል፤ መመለስም ይቀራል። ጣሊያኖች ይህን ዕቃ «ፒንሳ» ይሉታል፤ እኛ ግን ፒንሳን ለእጅ መሣሪያው ብቻ ወስደነዋል። ቀጥቃጭ የጋለ ብረት የሚጨብጥበት «ጉጠት» እያለ ሌላ ፍለጋ መሄድ አያሻም፤ «የፍሬን ጉጠት» ቢባል እወዳለሁ። «መያዝ» ለተግባሩ ብቻ ይቀመጥ፤ ብልሽቱም «አለመልቀቅ» ይባል።

የደብረ ታቦሩ መካኒክ ጉጠቱን ከመፍታቱ በፊት የአየር ማስወጫውን ብሎን ጥቂት አላላ፤ ዘይት ፊጭ አለ፤ ጎማውም ወዲያው ዞረ። አብጦ ዘይቱን መመለስ የከለከለው ተጣጣፊው የጎማ ቱቦ ኖሯል። ስለዚህ ተርጓሚው «አልለቀቀም» ብሎ ከመጻፉ በፊት የግሡ ባለቤት ጉጠቱ ይሁን ቱቦው መለየት አለበት።