የፊት ወዝ፦ ከለጋ ቅቤ እስከ መርፌ

በአማርኛ «ወዝ» የሚለው ቃል ሁለት ትርጉም ይዞ ይኖራል። አንደኛው በጤነኛ ሰው ፊት ላይ የሚታየው ልስላሴና ድምቀት ነው። ሁለተኛው በሥራ ጊዜ ከግንባር የሚንጠባጠበው ላብ ነው። በአብዮቱ ዘመን የተስፋፋው «ወዛደር» የሚለው ስያሜ ከዚህ ከሁለተኛው ትርጉም ተወለደ። ሁለቱ ትርጉሞች በአንድ ፊት ላይ ሲገናኙ ግን አይስማሙም፤ የሥራ ወዝ በበዛበት ፊት ላይ የውበት ወዝ ፈጥኖ ይደርቃልና። የፊት መሸብሸብን ለመከላከልና ለማስወገድ የሰው ልጅ ያደረገው ጥረት ታሪክም ከዚህ ቅራኔ ተነጥሎ ሊታይ አይችልም።

ለዚህ አስረጂ የሚሆን አገር ጋይንት ነው። የላይ ጋይንት ዋና ከተማ ንፋስ መውጫ ከጉና ተራራ በስተምሥራቅ፣ ከወረታ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ስሟ ራሱ የአየሯን ጠባይ ይናገራል። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ቆዳን የሚጎዳው የፀሐይ ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ይህ ጨረር ቆዳን ወጥረው የሚይዙትን ኮላጅንና ኢላስቲን የተባሉትን ክሮች ይበጣጥሳል። ደረቁ ንፋስ የቆዳውን እርጥበት ይወስዳል፤ የምድጃው ጭስ ደግሞ የቀረውን ይጨርሳል። በደጋው ገብስ የሚያርሰው ገበሬ፣ በግ የሚጠብቀው ልጅ፣ ምጣድ ላይ የምትውለው እናት ሁሉም ከእነዚህ ጋር ይውላሉ። ድርቅ በተደጋጋሚ በጎበኘው በዚህ አገር ረኀብም የራሱን መስመር ጨምሯል። በጥንቱ ሥርዓት በእልፍኝ የምትቀመጠውና ደጅ ስትወጣ ዣንጥላ የሚያዝላት ወይዘሮ ፊቷ ሳይሸበሸብ ሲቆይ፣ የዕድሜ እኩያዋ የሆነችው የገባር ሚስት ቀድማት ታረጅ ነበር። ስለዚህ የፊት መስመር የዕድሜ ብቻ ሳይሆን የኑሮ ደረጃም መዝገብ ሆኖ ኖሯል።

ሕዝቡ ግን ይህን ጉዳት እጁን አጣጥፎ አልተመለከተም። በጎንደር ደጋዎች ሴቶች ለጋ ቅቤ አናታቸው ላይ ያደርጋሉ፤ ቅቤው በሰውነት ሙቀትና በፀሐይ እየቀለጠ ወደ ግንባርና ወደ አንገት ይወርዳል። የአደስ ቅጠል ተወቅጦ ከቅቤው ጋር ይለወሳል፤ ሽታው ያማረ ይሆናል። ዛሬ የቆዳ ሐኪሞች እንደሚያስረዱት፣ እንዲህ ያለ ቅባት የቆዳው ውሃ በንፋስ እንዳይወሰድ ይሸፍናል፤ ለጊዜውም ስስ መስመሮችን ያለሰልሳል። በመድኃኒት ቅጠል እንፋሎት መታጠንም የቆየ ልማድ ነው፤ በደራ ወረዳ የሚገኘው የዋንዛዬ ፍል ውሃም ከሩቅም ከቅርብም ሕመምተኛ ሲጎርፍበት የኖረ ስፍራ ነው። እንሶስላ ለእጅና ለእግር፣ ኩል ለዐይን ጌጥ ሆነው አገልግለዋል።

ይሁንና ይህ የእናቶች ዕውቀት በሁለት በኩል ድንበር ነበረው። በአንድ በኩል ሁሉም ነገር ጉዳት የሌለበት አልነበረም፤ ለምሳሌ ከእርሳስ የሚሠራ ኩል ሰውነትን ይመርዛል። በሌላ በኩል ቅቤ ገንዘብ ነበር። የድኻ ቤት ቅቤ ከአናት ይልቅ ወደ ገበያ ይወጣል፤ ጨው ይገዛበታል፤ ዕዳ ይከፈልበታል። ላሟን ያጣች ሴት የቅባቷንም ምንጭ አጣች ማለት ነው።

ፊትን በቅባት የማለስለስ ጥበብ በጥንታዊት ግብፅም ተጽፎ ይገኛል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1550 ገደማ የተጻፈውና ኤበርስ ፓፒረስ በመባል የሚታወቀው የሕክምና ጥቅል የፊት መሸብሸብን ለማስወገድ ዕጣንን፣ ሰምንና ዘይትን አዋሕዶ መቀባትን ያዛል። ዕጣን የቀይ ባሕር አካባቢ ሀብት ነው። ንግሥት ሐትሸፕሱት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ15ኛው መቶ ዓመት ፑንት ወደተባለው አገር የላከቻቸው መርከቦች የዕጣን ዛፍ ችግኝ ከነሥሩ ጭነው ተመልሰዋል። ዛሬም የዕጣን ዛፍ በመተማና በቋራ ቆላዎች ይበቅላል።

ከቅባት ወደ ቢላዋ የተደረገው ሽግግር ግን የተጀመረው ለውበት አልነበረም። ጀርመናዊው ሐኪም ካርል ፈርዲናንድ ፎን ግሬፈ እ.ኤ.አ. በ1818 የዐይነ ቆብ ቀዶ ጥገናን ሲገልጽ ዓላማው በበሽታ የተበላሸን ዐይነ ቆብ መጠገን ነበር። ለውበት ተብሎ የተጀመረው አንዱ መንገድ ደግሞ በጥፋት ተደመደመ፤ እ.ኤ.አ. በ1899 በቪየና ሮበርት ገርሱኒ ያስተዋወቀው የፓራፊን መርፌ ሽብሽቡን ለመሙላት በየአገሩ ሲወጋ ቆይቶ፣ ፓራፊኑ በቆዳ ሥር እየጠጠረ ብዙ ፊት አበላሸ። እ.ኤ.አ. በ1901 በበርሊን ኦይገን ሆሌንደር የፊት ቆዳን ቆርጦ የመወጠር ቀዶ ጥገና አደረገ። ይህ ሙያ በሰፊው የበሰለው ግን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1917 በእንግሊዝ አገር በሲድከፕ በተከፈተው ሆስፒታል ሃሮልድ ጊሊስና ባልደረቦቹ ፊታቸው በጥይትና በፍንጣሪ የፈራረሰ ከ5,000 በላይ ወታደሮችን አክመዋል። በፈረንሳይም ሱዛን ኖኤል የተባለች ሴት ሐኪም የጦር ቁስለኞችን ፊት ስትጠግን ቆይታ፣ በኋላ አረጁ ተብለው ከሥራ የሚባረሩ ሴቶችን ፊት ማቅናት ጀመረች። እ.ኤ.አ. በ1926 ያሳተመችው መጽሐፍ ስለዚህ ሕክምና ማኅበራዊ ሚና የሚናገር ነው። ለእርሷ የፊት መስመር የመዋቢያ ጉዳይ ሳይሆን የእንጀራ ጉዳይ ነበር።

የመርፌውም ታሪክ እንዲሁ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ጀርመናዊው ሐኪም ዩስቲኑስ ኬርነር በተበላሸ ቋሊማ የሚመጣውን ገዳይ መመረዝ አጠና። እ.ኤ.አ. በ1895 ቤልጅጋዊው ኤሚል ቫን ኤርመንገም መርዙን የሚያመነጨውን ተሐዋሲ ለየ። መርዙ ነርቭ ለጡንቻ የሚያስተላልፈውን ትእዛዝ ያቋርጣል። በሳን ፍራንሲስኮ አላን ስኮት የተባለ የዐይን ሐኪም ይህንኑ መርዝ እጅግ በጥቂቱ መጥኖ ሸውራራ ዐይንን ለማቅናት ተጠቀመበት፤ ውጤቱንም እ.ኤ.አ. በ1980 አሳወቀ። በካናዳ የዐይን ሐኪሟ ጂን ካራዘርስ የዐይነ ቆብ መንቀጥቀጥ ያለባቸውን ሰዎች በመርፌው ስታክም ግንባራቸው መለስለሱን አስተዋለች፤ ከባለቤቷ ከቆዳ ሐኪሙ አላስቴር ካራዘርስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1992 ጥናቱን አሳተሙ። ግንባር የሚቋጥረው ጡንቻ ከ3 እስከ 4 ወር ስለሚያርፍ በቅንድቦች መካከል ያለው ሽብሽብ ይጠፋል። የአሜሪካ መንግሥት የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ለዚህ አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ2002 ፈቀደ። ዛሬ ቦቶክስ በመባል የታወቀው ይህ መርፌ በአዲስ አበባ የግል ክሊኒኮችም ይሰጣል።

እንግዲህ ቢላዋውም መርፌውም ከሕሙማን ዐይንና ከቁስለኞች ፊት የተገኙ ጥበቦች ናቸው። በዚህ መስፈርት የጋይንት ፊት ምን ይጠይቃል? በ1998 ዓ.ም. የተካሄደው ብሔራዊ የዓይነ ስውርነት ጥናት ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆናቸው የአማራ ክልል ሕፃናት 62.6 በመቶው በዐይን ማዝ መያዛቸውን አሳይቷል። በሽታው እየተመላለሰ የዐይነ ቆቡን ውስጠኛ ክፍል ያሸበሽበዋል፤ ሽፋሽፍቱም ወደ ውስጥ ታጥፎ ብሌኑን እየፋቀ ያሳውራል። ከአንገታቸው ወረንጦ የማይለዩ፣ ሽፋሽፍታቸውን በየጊዜው እየነቀሉ ሥቃይን የሚያስታግሱ እናቶች ብዙ ናቸው። የታጠፈውን ዐይነ ቆብ የሚያቀናው ቀዶ ጥገና ግን በጤና ጣቢያ፣ በሠለጠነ ነርስ እጅ የሚሠራ አጭር ሥራ ነው። በ1958 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተቋቋመው አለርት በሥጋ ደዌ የተጎዳ አካልን ሲያቃና፣ የካቲት 12 ሆስፒታልም በቃጠሎ የተጎዱትን ሲያክም የኖሩት በዚሁ የጥገና ሙያ ነው።

ሰው ፊቱ እንዲያምር መፈለጉ ነውር አይደለም፤ አናቷን በቅቤ የምታርሰው የጋይንት እናትም ይህንኑ ፈልጋለች። ዕውቀቷ በባለሙያ ሊመዘገብ፣ ሊመረመርና ለትውልድ ሊተላለፍ ይገባዋል። የሐኪም እጅ ጥቂት በሆነበት አገር ግን ቅደም ተከተል ያስፈልጋል፤ ከተሸበሸበ ግንባር በፊት የተሸበሸበው ዐይነ ቆብ ሊቃና ይገባል። በወዙ የሚያድር ሕዝብ የፊቱን መስመር ይዞ መኖር ይችላል፤ የዐይኑን ብርሃን አጥቶ ግን ሥራውንም የሥራውንም ፍሬ ማየት አይችልም።